ጨጓራና ኬሚስትሪ የምትወድ ልጅ ምን ታጥና?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። አዳማ የምኖር የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከሁሉም በላይ የምወደው ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው፤ ስለ አሲድና ቤዝ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ምግብ መፈጨት የተማርነውን እስካሁን አልረሳሁትም። እናቴ ጨጓራዋን ያማታል። የምትወስደው መድኃኒት ሆዷ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ አንብቤያለሁ። አባቴ ግን ‹ሐኪም ካልሆንሽ በኬሚስትሪ እንጀራ አትበዪም› ይለኛል። እኔ ደግሞ ደም ሳይ ያዞረኛል። ፎርሙላ መሸምደድም አልሆነልኝም። ምን ላጥና?»

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽን ያሳሰበው ሥራው ነው፣ አንቺን ደሙና ፎርሙላው። እኔ ዓይኔ ያረፈው የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ነው። መምህር ሳያዛት፣ ለፈተና እንደማይመጣ እያወቀች፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ ወረቀት እስከ ታች ያነበበች ልጅ ዝንባሌዋን ራሷ ነግራናለች። ደግሞም ደብዳቤሽ ውስጥ «ሰው ማከም እፈልጋለሁ» የሚል ቃል የለም፤ ያለው «ገብቶ ምን ይሠራል» የሚል ነው። ለሙያ ምርጫ ይህ ደም ከመፍራትሽ የበለጠ ይመዝናል። ሕክምና በየቀኑ ከታመመ ሰው ጋር መዋልን፣ ሲጨነቅ አብሮ መሆንን ይጠይቃል። አንቺን የሚስብሽ ንጥረ ነገሩ ይመስለኛል። ተሳስቼ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ፤ ካልተሳሳትኩ ግን ከዚህ በታች ያለውን በጥሞና አንብቢ።

ከእናትሽ መድኃኒት ልነሣ፤ በዚያ መድኃኒት ዙሪያ በርከት ያሉ ሙያዎች አሉ። ጨጓራ የሚያመነጨው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። በባዶ ሆድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ1.5 እስከ 3.5 ባለው መካከል ይሆናል። የምግቡን ፕሮቲን ይፈታታል፣ ፔፕሲን የተባለውን ኢንዛይም ለሥራ ያነሣሣል፣ ከምግብ ጋር የገባውን ጀርም ይገድላል። ጨጓራ ራሱን የማይበላው ግድግዳው ባይካርቦኔት ባለበት ዝልግልግ ፈሳሽ ስለተሸፈነ ነው። እናትሽ የምትወስደው ነጭ፣ ወፈር ያለ የሚጠጣ መድኃኒት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድና አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ሁለቱም ቤዝ ናቸው፤ ከአሲዱ ጋር ሲገናኙ ጨውና ውሃ ይሰጣሉ። ክፍል ውስጥ ኒውትራላይዜሽን ብላችሁ የጻፋችሁት ይኸው ነው።

ፎርሙላውንም እዚሁ እንጨርሰው። ማግኒዥየም ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ ሃይድሮክሳይድ አንድ ኔጌቲቭ። ስለዚህ አንዱ ማግኒዥየም ሁለት ሃይድሮክሳይድ ይይዛል። አሉሚኒየም ቻርጁ ሦስት ስለሆነ ሦስት ይይዛል። ከዚህ ተነሥተሽ አንድ ሞል ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ሁለት ሞል አሲድ፣ አንድ ሞል አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ሦስት ሞል አሲድ እንደሚያመክን ማንም ሳይነግርሽ ታወጪዋለሽ። በቃል መያዝ ያለብሽ የዋና ዋናዎቹን አዮኖች ስምና ቻርጅ ነው። ካርቦኔት፣ ሰልፌት፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ አሞኒየም፣ ከብረቶቹም የተለመዱትን። የቀረው ቻርጅ ማመጣጠን ነው። የሸመደድሽው ፎርሙላ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ቢጠፋብሽ መልሰሽ የምታገኚበት መንገድ የለሽም፤ ቻርጁን ካወቅሽ ግን እዚያው ወንበርሽ ላይ ትሠሪዋለሽ።

ሁለቱ ቤዞች ለምን አንድ ላይ ሆኑ? ማግኒዥየሙ ለብቻው ሲወሰድ ተቅማጥ ያመጣል፣ አሉሚኒየሙ ለብቻው ሲሆን ሆድ ያደርቃል። አብረው ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያቀልላል። ሌላም ልጨምርልሽ። እናትሽ ለሌላ ሕመም ቴትራሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ቢታዘዝላት ከዚህ መድኃኒት ጋር በአንድ ሰዓት መውሰድ የለባትም። ማግኒዥየሙና አሉሚኒየሙ አንቲባዮቲኩን ይይዙትና ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል፤ መድኃኒቱን ወስዳም እንዳልወሰደች ትሆናለች። ኦሜፕራዞል ከሆነ የምትወስደው ነገሩ ሌላ ነው። ኦሜፕራዞል የተመረተውን አሲድ አያመክንም፤ አሲዱን የሚያመርተውን የጨጓራ ሴል ነው የሚያስቆመው። የሚገርመው ራሱ ኦሜፕራዞል አሲድ ሲነካው ይበላሻል። ስለዚህ ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች የአሲድ መከላከያ ልባስ ተደርጎላቸው፣ ጨጓራን አልፈው ፒኤቹ ከፍ ወደሚልበት ቀጭን አንጀት ሲደርሱ ነው የሚሟሙት። ካፕሱሉን ከፍቶ ፍሬዎቹን አድቅቆ መዋጥ ክልክል የሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ አውቆ ለእናትሽ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳት ሰው ፋርማሲስት ይባላል። እንዲህ ያለ ልባስ በመሥራትም ከዚሁ ትምህርት የወጡ ባለሙያዎች ይሰማራሉ። እኔ ለአንቺ በመጀመሪያ የማስቀምጠው ፋርማሲን ነው። ትምህርቱ አምስት ዓመት ይወስዳል፤ ኬሚስትሪውም የሰውነት አሠራሩም ሳይለያዩ እስከ መጨረሻው አብረውሽ ይዘልቃሉ። ከተመረቅሽ በኋላ ሆስፒታል፣ የግል መድኃኒት ቤት፣ አስመጪና አከፋፋይ፣ የመድኃኒት ፋብሪካ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን የመሰለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ። ክፉውንም ልንገርሽ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ መዋል አለ፤ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ካልሸጥሽልኝ ብሎ የሚቆጣ ደንበኛ አለ፤ ሽያጭ እንዲጨምር ብቻ የሚፈልግ ባለቤትም አይጠፋም። እዚያ ላይ «አይሆንም» ማለት የምትችል ፋርማሲስት ለአገር ትልቅ ነገር ናት።

ስለ ደሙ። ደም ሲያዩ ማዞር የሰውነት ምላሽ ነው፤ የደም ግፊት ድንገት ሲወርድ የሚመጣ። ብዙ የጤና ተማሪዎች መጀመሪያ ላይ ይገጥማቸውና ሲለምዱት ይለቃቸዋል። ስለዚህ ሕክምናን መተው ካለብሽ በደም ምክንያት አትተዪው። ላቦራቶሪ የምታስቢ ከሆነም ያው ደም መቅዳት አለበት፤ እዚያ ግን ደስ የሚል ኬሚስትሪ ታገኚያለሽ። ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ለምሳሌ እንይ። አሲድ ሁሉን በሚገድልበት ጨጓራ ውስጥ እንዴት ይኖራል? ዩሪያን ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰብር ኢንዛይም አለው፤ አሞኒያው ቤዝ ስለሆነ ዙሪያውን ያለውን አሲድ ያመክንለታል። በትንፋሽ የሚደረገው የኤች ፓይሎሪ ምርመራ የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ይጠጣና በትንፋሹ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ይህ ባክቴሪያ ለጨጓራ ቁስል መንስኤ መሆኑን በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከዚያ በፊት ሐኪሙም ሕመምተኛውም የሚወቅሱት ጭንቀትንና ቅመም የበዛበት ምግብን ነበር።

አሁን አባትሽ ያላሰቡትን ልንገርሽ። «ኬሚስትሪ እንጀራ አይሆንም» የሚባለው እናንተው አካባቢ ሆኖ ሲሰማ ይከነክነኛል። ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከአገዳ የተጨመቀው ጭማቂ አሲድነት አለው፤ እንዲሁ ቢሞቅ ስኳሩ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰበርና ፋብሪካው ይከስራል። ስለዚህ የኖራ ውሃ፣ በእናንተ ቋንቋ ካልሺየም ሃይድሮክሳይድ፣ ይጨመርበታል፤ አሲዱ ይመክናል፣ ቆሻሻውም ይዘቅጣል። ኖራው ሲያንስም ሲበዛም ጉዳት ስላለው ፒኤቹን እየለካ የሚቆጣጠር የላቦራቶሪ ሰው ያስፈልጋል። ያው የስኳር ሞለኪውል ሻይሽ ውስጥ ገብቶ ቀጭን አንጀትሽ ሲደርስ ሱክሬዝ የተባለ ኢንዛይም እዚያው ሁለት ቦታ ይሰብረዋል፤ ሰውነትሽ ስኳሩን የሚወስደው እንደዚያ ተሰብሮ ነው። ፋብሪካው የሚከላከለውን ነገር አንጀት ሆን ብሎ ያደርገዋል። ይህ ሐሳብ ልብሽን ካሞቀው የምግብ ሳይንስ ወይም የኬሚካል ምህንድስና ውስጥ ቦታ አለሽ።

የበለዘ ጥርስ ያለው ሰውስ በከተማችሁ አላየሽም? በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በወንጂ አካባቢ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ የበለጠ ተገኝቶ አጥንታቸው የተጎዳ ሠራተኞች ነበሩ። ፍሎራይድ ከጨጓራና ከቀጭን አንጀት ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ካልሺየም ያለበት ምግብ አብሮ ሲኖር ከፊሉ ተይዞ ይቀራል። ከውሃው ለማውጣት ከሚጠቅሙ ዘዴዎች አንዱ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ጨምሮ እንዲዘቅጥ ማድረግ ነው። አሉሚኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርተው ፋብሪካ ደግሞ በአሰላ መንገድ አዋሽ መልካሳ ላይ ቆሟል። የውሃ ጥራት ኬሚስት መሆን ማለት የጎረቤትሽን ልጅ ጥርስና አጥንት ማዳን ማለት ነው፤ ከሐኪምነት በምን ያንሳል? እዚያው መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። እህልና ምግብ ላይ መሥራት ከፈለግሽ የእርሾን ነገር አስቢው። ሊጥ ሲቦካ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፤ በደንብ የቦካ እንጀራ የሚበላ ሰው አንጀት የሚያገኘው ብረት በዚያው ልክ ይሻላል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እየለኩ መኖር ሥራ ነው፤ ደመወዝም ይከፈልበታል። ለአንቺ ሁለተኛ ምርጫ የማደርገው የምግብ ሳይንስና ሥነ ምግብን ነው።

ንጹሕ ኬሚስትሪ በዲግሪ ብቻ ከሆነ ግን የአባትሽ ስጋት እውነት አለው። ብዙው ምሩቅ የሚገባው መምህርነት ነው፤ የፋብሪካ ላቦራቶሪ ቦታ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ማስተማር የምትወጂ ከሆነ አገር ጥሩ የኬሚስትሪ መምህር እንደተጠማ ነው። ካልወደድሽው «ሌላ ስላጣሁ» ብለሽ አትግቢበት፤ ተማሪዎቹ ያውቁብሻል። አባትሽም ይህን ይስሙ፦ የጤና ትምህርት ጨርሰው ምደባ የሚጠብቁ ወጣቶች ዛሬ አሉ። ሕክምና በራሱ የሥራ ዋስትና የነበረበት ጊዜ አልፏል።

አካሄዱን በአጭሩ ልንገርሽ። ብሔራዊ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ያስገባሻል፤ የምታጠኚውን ዘርፍ ግን በአብዛኛው የሚወስነው የፍሬሽማን ውጤትሽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንደ ማረፊያ እንዳታዪው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው፤ ከመፈተንሽ በፊት ምን ምን ፕሮግራም እንደሚያስተምር ዝርዝሩን አንብቢ። በየትኛውም ዘርፍ የመውጫ ፈተና ይጠብቅሻል፤ በጤና ሙያ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ፈተናም አለ።

ከአባትሽ ጋር ተከራክረሽ አታሸንፊያቸውም፤ ማሸነፍም አያስፈልግሽም። እሳቸው የሚሹት ልጃቸው ራሷን ችላ እንድትቆም ነው። አንድ ቅዳሜ እናትሽ መድኃኒት ወደምትገዛበት ቤት አብራችሁ ሂዱ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ፋርማሲስቱን አናግሩት፤ የት ተማረ፣ ስንት ዓመት ሠራ፣ አሁን የሚመረቁት ጓደኞቹ የት የት ገቡ፣ ልጁ ይህን እንድታጠና ይፈልጋል ወይ? ጥያቄዎቹን አባትሽ ይጠይቁ፣ አንቺ ስሚ። ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ ሥራው ላይ ያለ ሰው ሲናገር ይሰማቸዋል።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። እናትሽ መድኃኒቱን የምትወስደው ሳትመረመር ከሆነ ወይም ሳምንታት አልፈው ሕመሙ ካልለቀቃት ጤና ተቋም ሄዳ ኤች ፓይሎሪ ትመርመር፤ ከተገኘባት በአንቲባዮቲክ ይድናል። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳት ወይም ያለ ምክንያት ከከሳች ደግሞ ቀን ሳትቆጥሩ ሆስፒታል ውሰዷት።