ከማካፈላችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ሒሳብ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና አንድ ቁጥር ልስጣችሁ፦ 4294967297። 32 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትጨምሩ የምታገኙት ነው። ካልኩሌተሩን ለጊዜው አስቀምጡት።

ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ሙያው ሕግ ነበር፤ ሒሳብ የሚሠራው በትርፍ ሰዓቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1640 ገደማ 1፣ 2፣ 4፣ 8ና 16 ሁለቶችን እያባዛ 1 ሲጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257ና 65537 አገኘ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለም። ስለዚህ ስድስተኛው፣ ያ የሰጠኋችሁ ቁጥር፣ ከዚያ በኋላ ያሉትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ እንደሌለው ግን በደብዳቤው አልሸሸገም። ይህን ከእሱ ውሰዱ። ማረጋገጫው ሲጠፋበት «ግልጽ ነው» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ስንቱን አርሜያለሁ!

በ1729 የሒሳብ ሰው የነበረው ክርስቲያን ጎልድባክ ጉዳዩን ለሒሳብ ሊቁ ለሊዮናርድ ኦይለር በደብዳቤ አነሣለት። ኦይለር ያኔ ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ የሚኖር የ22 ዓመት ወጣት ነው። በ1732 መልስ ሰጠ፦ ቁጥሩ ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የፌርማ ዝና አላስፈራውም።

በጉልበት ልሞክር ለሚል ሰው እስከ 65536 ድረስ 6542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ 65536 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን በ1 ብቻ ስለሚያንስ ከዚያ በላይ መፈለግ አያስፈልግም። ኦይለር ቆይቶ እንዳረጋገጠው ግን የዚህ ቁጥር አካፋይ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። እንግዲህ 3ን፣ 7ን፣ 11ን መሞከር ከንቱ ድካም ነው። መሞከር ያለባቸው 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ፤ አምስተኛው ላይ ተገኘ ማለት ነው። እኔ ለፈጣን እጅ ብዙም ግምት የለኝም፤ ከማካፈሉ በፊት እንዲህ የሚያጣራ ተማሪ ግን ደስ ይለኛል።

አሁን እርሳስ አንሡ። 641 ማለት 5×128+1 ነው። ስለዚህ 5×128 ለ641 ሲካፈል አንድ ይጎድለዋል፤ ቀሪውን −1 በሉት። ይህን ብዜት አራት ጊዜ ጽፋችሁ ስታባዙት ቀሪው 1 ይሆናል። 128 ሰባት ሁለቶች ስለሆነ በእጃችሁ ያለው 625 እና 28 ሁለቶች ነው። ደግሞ 641=625+16 ነውና በ625 ቦታ −16 ማስገባት ትችላላችሁ፤ 16 ራሱ አራት ሁለቶች ነው። 28ና 4፣ 32። የ32 ሁለቶች ብዜት ቀሪው −1 ሆነ፤ 1 ስትጨምሩበት ዜሮ። መስመር በመስመር ሳትጽፉት ገባኝ አትበሉ።

ሌላው አካፋይ 6700417 ነው፤ እሱም ብቸኛ ቁጥር። ከ65537 ወዲያ በዚህ መንገድ ብቸኛ ሆኖ የተገኘ ቁጥር እስካሁን የለም፤ ሌላ እንደሌለ ያረጋገጠም የለም። ከ4294967297 ቀጥሎ የሚመጣው፣ 64 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር የሚገኘው፣ ባለ 20 አሃዝ ነው፦ 18446744073709551617። በ1880 አካፋዩን 274177ን ያገኘው ፈረንሳዊው ላንድሪ 80 ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነበር። በዚህኛው ማጣሪያው 64 መሆኑ ቀርቶ 128 ነው፤ 274177ን ለ128 አካፍሉና ስንት እንደሚተርፍ እዩ።