አደራው ለ14 ዓመት ልጅ ከበደው

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ በርጩማና የቤት ዕቃ እየሠራሁ የምተዳደር የሁለት ወንዶች ልጆች አባት ነኝ። ታላቁ 14፣ ታናሹ 9 ዓመቱ ነው። ታናሹ ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረን አራት ዓመት አለፈ። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ታላቁ ጋቢ አከናንቦ ጥግ ይዞ ካላቀፈው አይረጋም። ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል ስለተባልን በአፋን ኦሮሞ ታጫውተው የነበረችው እናቴ አሁን አታዋራውም። ደንበኛ ሲመጣ እንዳይረብሽ ወደ ጓሮ አስገባዋለሁ። ሕፃን ሳለ ሌት ተቀን ሥራ ላይ ስለነበርኩ ፍቅር አጉድዬበት ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ታላቁን “እኔ ስሞት ወንድምህ የአንተ አደራ ነው” እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ባለፈው ወር ግን ባጃጅ መቆሚያው ጋ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሳለ ታናሹ ሮጦ እጁን ያዘው። “ማነው?” ሲሉት “የጎረቤት ልጅ ነው” አለ። በጆሮዬ ሰማሁ። ማታ በጥፊ መታሁት፤ ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። እንዲህ ልቡ የደነደነ ልጅ ያሳደግኩት ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ ዓይኔ የቆመው ጋቢው ላይ ነው። ጋቢ ማከናነቡን ለታላቁ ማን አስተማረው? እርስዎ እንዳስተማሩት አልጻፉም፤ ሐኪም ነገረው አላሉም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች እኛ ለምደን የማንሰማውን ድምፅ አጉልተው ይሰማሉ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንዲህ ላለ ጆሮ ምን እንደሚሆንበት መገመት አያቅተውም። ብዙ ልጆችን ጠበቅ ያለ መታቀፍ ያረጋጋቸዋል፤ አንዳንዶቹን ደግሞ ጭራሽ ያስቆጣቸዋል። ልጅዎ ወንድሙ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሞክሮ፣ አይቶ፣ ታግሦ ደርሶበታል። ልቡ የደነደነ ልጅ ይህን አያገኘውም።

ታዲያ ለምን ካደው? በ14 ዓመቱ ልጅ በሁሉም ነገር ያፍራል። አባቱ በሰው ፊት ጮክ ብለው ሲያስሉም ያፍራል። ይህ ግን ከፊሉ ብቻ ነው። “ወንድሜ ነው” ቢል ተከታዩ ጥያቄ “ምን ሆኖ ነው?” እንደሚሆን ያውቃል፤ ለዚያ ደግሞ መልስ የለውም። አራት ዓመት ሙሉ አደራውን ሲነግሩት የአደራውን ዓይነት የነገሩት አይመስለኝም። ብዙ ቤት ውስጥ የማየው ነው፤ ወላጆች ከሐኪም ክፍል የሰሙትን ለራሳቸው ይዘው ይቀራሉ፣ ታላቁ ልጅ ከበር ውጭ ነው።

አሁን የማይወዱትን አንድ ነገር ልበል። ታላቁ ባጃጅ መቆሚያው ጋ በአፉ ያለውን እርስዎ በየቀኑ በጓሮ በር ይሉታል። ደንበኛ ሲመጣ ታናሹ ይሰወራል፤ ታላቁም ይህን እያየ ነው ያደገው። ሰው ሲመጣ ወንድም እንደሚደበቅ ከቤቱ ተምሮ፣ ሰው መጣበትና ደበቀ። እርስዎ በጥፊ የመቱት ያንን ነው።

በአገራችን እነዚህን ልጆች ከመደበቅ ለማውጣት ቀድመው ከታገሉት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ ልጃቸው ራሱ ኦቲዝም ነበረበት፤ ስለ እርሱም በአደባባይ ይናገሩ ነበር። እርስዎ ማዕከል ይክፈቱ አልልም። የዎርክሾፑን የፊት በር ቢከፍቱለት ይበቃኛል።

በአደራው ላይ ጠንከር እላለሁ። አደራ በእኛ ዘንድ ከባድ ቃል ነው፤ “አደራ በላ” ከመባል ብዙ ሰው ሞቱን ይመርጣል። አደራ የሚሰጠው ግን “አይ፣ ይህን አልችልም” ማለት ለሚችል ሰው ነው። ልጅ ለአባቱ እንዲህ ማለት አይችልም። ስለዚህ ኳስ ሊጫወት በወጣ ቁጥር፣ በታናሹ በተናደደ ቁጥር፣ ሌላ ከተማ ስለመማር ባሰበ ቁጥር አደራ እየበላ ይመስለዋል። በዚያ ላይ አባቱ ስለ ሞታቸው ደጋግመው ያነሱበታል። መልሰው ይውሰዱለት፤ በቃል ይውሰዱለት፦ “ልጄ፣ ያን አደራ የሰጠሁህ ፈርቼ ነው። የወንድምህ አሳዳጊ እኔና እናትህ ነን። አንተ ወንድሙ ነህ።” ነገ አድጎ በራሱ ፈቃድ ቢረከብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ምርጫው ይሆናል። ለወደፊቱ ማሰብም ግድ ነው፤ ያ ግን በአዋቂዎች መካከል፣ ከባለቤትዎና ከወንድም እህቶችዎ ጋር የሚመከር ነው።

ከዚህ ንግግር በፊት ስለ ጥፊው ይቅርታ ይጠይቁት። “ግን አንተም…” የሚል ጭራ አይቀጥሉበት።

ከዚያ ለጓደኞቹ የሚመልሰውን ያስታጥቁት፤ አጭር ይሁን፦ “ወንድሜ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ ብዙ አያወራም። ድምፅ ይረብሸዋል።” አብራችሁ ተለማመዱት። “አንዳንዴ ታፍርበታለህ?” ብለው ይጠይቁትና “አዎ” ካለ አይገሥጹት።

ፍቅር አጉድያለሁ ስለሚሉት በአጭሩ። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ከጻፈ በኋላ ለብዙ ዓመታት የወላጅ፣ በተለይም የእናት፣ “ቀዝቃዛነት” የኦቲዝም መንስኤ ተደርጎ ሲወራ ኖሯል። ስንት እናት አልቅሳበታለች። እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝ አገር በመንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳየ፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም አጠናክረውታል። ሌሊት መጋዝ ስለያዙ የመጣ ነገር የለም።

የእናትዎ ዝምታ ግን ቶሎ ይሰበር። ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አንድ ብቻ ከሚሰሙት ይበልጥ ወደኋላ እንደማይቀሩ ጥናቶች ያሳያሉ። መካሪዎ በቅን ልቦና ተናግሮ ይሆናል፤ ልጁን ግን አያቱን ነጥቆታል። ዛሬ ማታውኑ እንደ ቀድሞው በአፋን ኦሮሞ ያጫውቱት። አጭር አጭር ይናገሩ፤ የሚናገሩለትን ዕቃ እያሳዩት፣ መልስ ባይሰጥም ጥቂት እየጠበቁት።

የባለሙያ ድጋፍ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድዎ በፊት እዚያው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍልን ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል፤ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ልጁ ቤተሰቡ በሚሠራው የዕለት ሥራ ውስጥ እየተሳተፈ እንዲማር ነው።

እርስዎ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ሥራ ነው ያለዎት። መጋዙና መላጊያው በማይጮኹበት ሰዓት ታናሹን ወደ ፊት ያምጡትና ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከፊቱ ያስቀምጡ። አንዱን እግር ማለስለሻ ወረቀት ይዘው ያሳዩት፤ “አንድ” ይበሉ፣ ይጠብቁት። ሁለተኛውን እርሱ ይሞክር። ደንበኛ ከመጣና “ይህ ማነው?” ካለ “ልጄ ነው፣ ሥራ እያለማመድኩት ነው” ይበሉ። በመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ቢጮኽም ቀኑ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ታላቁን ግን በዚያ ሰዓት “ወንድምህን ያዝልኝ” አይበሉት። ኳሱን ይዞ ይሂድ።