የአባቴ ሐውልት ሸበተ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። አባቴ ካረፈ 19 ዓመቱ ነው። ጅማ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የተቀበረው። ሐውልቱ ላይ ግራጫና ብርቱካናማ ነገር ክብ ክብ እየሠራ ወጥቶበታል። ሰፈር ውስጥ «የድንጋይ ሽበት» ይሉታል። ታላቅ ወንድሜ ለሙት ዓመቱ በአሲድና በሽቦ ብሩሽ ላስፈግፍገው ብሎ ተነስቷል። እናቴ ደግሞ «መቃብሩን ረሱት ይሉናል» ብላ ተጨንቃለች። ሻጋታ ነው እንዴ? ድንጋዩን አይበላውም? (ከጅማ)

መልስ፦ በመጀመሪያ አሲዱን ከወንድምዎ እጅ ይቀበሉልኝ! ሲሚንቶም እምነ በረድም አሲድ ሲነካቸው አረፋ እያወጡ ይሟሟሉ፤ ሽበቱ በ19 ዓመት ያላደረገውን ወንድምዎ በአንድ ጠዋት ያደርጉታል። የሽቦ ብሩሹም ያው ነው፣ ፊደሉን ይዞት ይሄዳል።

ነገርየው ላይከን ይባላል። ሻጋታ ብቻ አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ (ትምህርት ቤት ዋቅላሚ ያሏት) ተዳብለው የሚኖሩበት ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ አልጌዋ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ታበስላለች። ሥር የለውም፣ ውኃውን ከዝናብና ከጤዛ ነው የሚያገኘው። የጅማ ዝናብ ደግሞ ያውቁታል፣ አይነገርም።

ድንጋዩን ይበላል ወይ ላሉት፣ በጣም በዝግታ ትንሽ ይቦረቡራል፤ አልዋሽዎትም። ግን ዕድገቱ ራሱ የቀንድ አውጣ ነው። ድንጋይ ላይ የሚለጠፉት ብዙዎቹ በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፉም። ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮላንድ ቤሸል በ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ ይህንኑ ዝግታ ሥራ ላይ አዋለው። መቃብር ላይ የሞት ዓመት ተጽፏል አይደል? የላይከኑን ስፋት ከዓመቱ ጋር አስተያይቶ የዕድገቱን ፍጥነት አወቀ፣ ከዚያ በረዶ ግግር ትቶት የሄደውን የድንጋይ ክምር ዕድሜ በዚያ ገመተ።

አሁን አንድ ነገር ይሞክሩ። ሙት ዓመቱ ላይ ሲሄዱ ዙሪያውን ይዩ። ሲሚንቶው ላይ ያለውና ጥቁር ድንጋዩ ላይ ያለው አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ሲሚንቶ ኖራ ስላለበት ብርቱካናማዎቹ ይወዱታል። ወፍ የሚያርፍበት የሐውልቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ይበረታሉ፣ ኩሱ ማዳበሪያ ነዋ። ጥላ ያለበት ጎንና ፀሐይ የሚመታው ጎንም ይለያያሉ። መቃብር ቦታ በላይከን የሚበለጽገው ለዚህ ነው፦ ልዩ ልዩ ድንጋይ፣ ልዩ ልዩ ዕድሜ፣ የሚነካካውም የለም። እንግሊዝ አገር በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ብቻ ከ700 በላይ ዝርያ ተመዝግቧል።

ስሙ ካልተነበበ ግን ፊደሉን ብቻ ያጽዱ፦ ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ትዕግሥት። በረኪናም አይሆንም። ለእናትዎ ደግሞ በስልክዎ ካሜራ ቀረብ አድርገው አጉልተው ያሳዩዋቸው፤ ጠርዙ ላይ እንደ ዳንቴል ሲዘረጋ ቢያዩት «ረሱት» የሚለው ስጋት ቀለል ይልላቸው ይሆናል። ጎረቤት ሐውልቶችም ሸብተዋል፣ እሱንም አሳዩዋቸው።