ስለ ላብራቶሪ ተመራማሪ ኑሮና የሥራ ለውጥ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ምርምር ሥራ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ለማታውቁኝ፣ አዲስ አበባ ቲቢ ላብ ውስጥ ጀምሬ ጀርመን ፒኤችዲዬን ሠራሁ። አሁን ቦስተን አካባቢ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ነኝ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ተመራማሪ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አፍጥጦ ነው የሚውለው?

መልስ፦ ኧረ የለም። ባብዛኛው ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው ፈሳሽ ሲያዛውር ነው የሚውለው። ማታ አውራ ጣትህን ከቆረጠመህ ፈሳሽ መምጠጫውን ፒፔት በርትተህ ስትጫን ውለሃል ማለት ነው። የቀረው ጊዜ ዕቃ ማዘዝ፣ መጻፍና «ትናንት የሠራው ዛሬ ለምን እምቢ አለ?» እያሉ መብሰልሰል ነው።

ጥያቄ፦ በማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ አለኝ። ለፒኤችዲ አሜሪካ ይሻለኛል ወይስ ጀርመን?

መልስ፦ እህቴ፣ ማስተርሱ በእጅሽ ስላለ ጀርመን ጊዜ ይቆጥብልሻል። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፌሰሩ ራሱ ይቀጥርሻል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤንች ላይ (ላብ ጠረጴዛው ላይ ሙከራ እየሠራሽ) ነሽ። ደሞዙ ግን ብዙ ጊዜ የሙሉ ሰዓት አይደለም። አሜሪካ በባችለር ዲግሪም ይገባል፤ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ የኪስ ገንዘብ ይሰጥሻል። መጀመሪያ ኮርስ እየወሰድሽ ላቦችን እየዞርሽ ትሞክሪያለሽ። ታዲያ አምስት ስድስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ለእኔ ግን ከአገሩ ይልቅ አለቃው ይበልጣል። ቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ፕሮፌሰሩ በሌለበት ከተማሪዎቹ ጋር ምሳ ብዪ። «ከዚህ በፊት የተመረቁት አሁን የት ናቸው?» ብለሽ ጠይቂ። እርስ በርስ ተያይተው ዝም ካሉ መልሱን አግኝተሻል።

አማካሪሽ ስለማይነግርሽም ልንገርሽ፦ የምታጠኚው ተሕዋስ በምረቃ ቀንሽ ላይ ያዛል። ኢ ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ይራባል። የቲቢ ባክቴሪያ አንዴ ለመከፈል ወደ 20 ሰዓት ይወስድበታል፤ ካልቸሩ፣ ማለትም ባክቴሪያውን በጠጣር ምግብ ላይ ማሳደጉ፣ እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሻጋታ ገባበት ማለት «ሀ» ብሎ መጀመር ነው። ቲቢን እወደዋለሁ፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ግን አይድረስበት።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ሆኖ ቁም ነገር ያለው ምርምር ይሠራል?

መልስ፦ እንዴታ! ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን በእንዶድ የመቆጣጠሩ ምርምር ከዚያ ተነሣ። አለርት ሆስፒታል ጎን ያለው አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋምም በሥጋ ደዌ ጀምሮ ዛሬ ቲቢና ሌሎች በሽታዎችን ያጠናል።

የሚያስቸግረው ሐሳብ ሳይሆን ዕቃ ነው። ለፒሲአር (ዲኤንኤን ለማባዛት) የሚሆን ኢንዛይም በቅዝቃዜ ነው የሚመጣው። ጉምሩክ ላይ ከቆየ ማቀዝቀዣው ደረቅ በረዶ ተንኖ ያልቃል፤ ካርቶኑ ሲደርስ ውስጡ ለብ ብሏል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚሮጠው ናሙና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ወደሚቀመጥበት ፍሪዘር ነው። ስለዚህ አገር ቤት ሥራ ስትጀምር ስለ ደሞዙ ከመጠየቅህ በፊት ጄኔሬተሩ ይሠራ እንደሆን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በዲቪ ሜሪላንድ መጥቻለሁ። በሜዲካል ላብራቶሪ ዲግሪ አለኝ፤ አሁን ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ወደ ሙያዬ እንዴት ልመለስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት በር አለህ። ሆስፒታል ላብ ከፈለግህ ዲግሪህን አስገምግምና ለኤኤስሲፒ፣ ማለትም ለአሜሪካ የላብራቶሪ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ፣ ፈተና ተዘጋጅ። እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶች ከዚያ ሌላ የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው በር የምርምር ላብ ነው፤ እዚያ የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም። ዩኒቨርሲቲዎች ቴክኒሺያን ይቀጥራሉ። ሲቪህ ላይ «ሲኒየር ኤክስፐርት» የሚለውን ማዕረግ ትተህ በእጅህ የሠራኸውን ጻፍ፦ ኤላይዛ (የፀረ እንግዳ አካላት ምርመራ)፣ ፒሲአር፣ ካልቸር። ቪዛ የማይፈልግ ሰው መሆንህንም አትደብቅ፤ ለቀጣሪ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ የሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) ላይ ተቀምጬ 38 ዓመት ሞላኝ። ኩባንያ ብገባ ሳይንሱን ከዳሁት ማለት ነው?

መልስ፦ ማን እንዲህ እንዳለህ ገብቶኛል፤ ኩባንያ ውስጥ አንድ ቀን ሠርቶ የማያውቅ ፕሮፌሰር ነው። ሳይንቲስቷ ካታሊን ካሪኮ ኤምአርኤንኤ (ለሴል የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚያደርስ ሞለኪውል) ላይ ሙጥኝ ብላ በ1995 በዩኒቨርሲቲዋ ከደረጃዋ ዝቅ ተደረገች። በ2013 ባዮንቴክ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ገባች፣ በ2023 ኖቤል ወሰደች። ኩባንያ መግባቷ ምኗን ነካው?

በርግጥ ኩባንያም የራሱ ጣጣ አለው። የምትወደው ፕሮጀክት በአንድ ስብሰባ ይዘጋል፤ ሠራተኛ ሲቀነስ ጉብዝናህን የሚያይ የለም። ገንዘቡን ግን አስበው፦ በ2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ለጀማሪ ፖስትዶክ ያስቀመጠው 61,008 ዶላር በዓመት ነበር። ቦስተን ላይ ቤት ተከራይተህ ሞክረው።

ጥያቄ፦ ላብ ልለቅ ነው። ናሙናዎቼንና የላብ ደብተሬን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ «ናሙናዎቼ» ያልሃቸው የተቋሙ ናቸው፤ ደብተሩም እንደዚያው። ናሙና የሚወጣው በጽሑፍ ስምምነት ብቻ ነው። የደብተሩን ኮፒ አስፈቅደህ ውሰድ። ፍሪዘር ውስጥ ያሉት ሳጥኖችህ ላይ ቀንና ይዘት ጻፍ፣ ዝርዝሩን ለሚተካህ ስጥ። እንዲያም ሆኖ ከስድስት ወር በኋላ ደውለው «ያ ሰማያዊ ሳጥን የቱ ጋ ነው?» ይሉሃል።