ሜትሩ ሲዘል አይታችሁ አትመኑ

በዲጂታል ሚክሰር ፕሮግራም መቅዳት ለጀመራችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። እኔ ከሚክሰር ኋላ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። ብዙ ነገር ልመክራችሁ እችል ነበር፤ ዛሬ ግን በዩኤስቢ ገመድ ወደ ላፕቶፕ ስለሚገባው ድምፅ ብቻ ላውራችሁ።

አንድ ምሽት 16 ቻናል፣ ማለትም 16 የማይክና የመሣሪያ መስመር፣ ቀዳሁ። ላፕቶፑ ላይ የ16ቱም ትራክ ሜትር (የድምፁን መጠን የሚያሳየው መስመር) ከፍ ዝቅ ይላል፣ አረንጓዴ ነው፣ ቀይ የለም፣ እኔም ልቤ አርፎ ፊቴን ወደ መድረኩ አዙሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለታዳሚው የሚወጣውን ድምፅ ሳስተካክል አመሸሁ። በማግስቱ ትራክ 9ን ለብቻው ከፈትኩት። የድምፃዊቷ ማይክ መሆን ነበረበት። የወጣው ግን ኪክ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም ነው። 10ን ከፈትኩ፣ ስኔር፣ ትንሹ ድራም። 11፣ 12፣ እስከ 16 ድረስ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቻናሎች ግልባጭ ነበሩ። የልጅቷ ድምፅ በድራሙ ማይኮች ውስጥ ከሩቅ ይሰማል፣ በቃ። ደውዬ ስነግራት «ለእናቴ ልልክላት ነበር እኮ» አለችኝ።

ጥፋቱ የሚክሰሩ አልነበረም፣ የኔ ነው። ኤክስ 32 የሚባለው ዲጂታል ሚክሰር እና የሱ ቤተሰብ የሆኑት ሚክሰሮች በዩኤስቢ 32 ቻናል ይልካሉ፤ የሚልኩት ግን ስምንት ስምንት እያደረጉ ነው። ራውቲንግ የሚለው፣ ድምፅ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚመረጥበት ገጽ ውስጥ ገብታችሁ ካርድ አውት የሚለውን (በዩኤስቢ የሚወጣውን) ስትከፍቱ አራት ክፍል ታያላችሁ፦ 1-8፣ 9-16፣ 17-24፣ 25-32። ለእያንዳንዱ ክፍል ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። እኔ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሎካል 9-16 (ሎካል የሚክሰሩ የራሱ የማይክ መግቢያዎች ናቸው) ማለት ሲገባኝ ሎካል 1-8 እንዳለ ትቼዋለሁ። ሜትሩ ምን ያድርግ? ድምፅ እየመጣለት ነው፣ ይዘላል። የማን ድምፅ እንደሆነ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ስንፈትሽ፣ አንድ ደቂቃ እቀዳለሁ። ቀድቼ አላልፈውም፤ ሄድፎን አድርጌ ትራኮቹን አንድ በአንድ ሶሎ እያደረግኩ፣ ለየብቻቸው እሰማለሁ። ቤዝ በተባለው ላይ ቤዝ አለ? ኪቦርዱ ግራና ቀኙ አልተገለባበጠም? ዝግጅቱ ሊጀመር ሲል ሁሉም ሰው ይጣደፋል፣ አዘጋጁ ይጠራችኋል፣ ጊታሪስቱ ሞኒተሬ (መድረክ ላይ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) አይሰማም ይላችኋል። እባካችሁ ቀድታችሁ የምትሰሙባትን ይህቺን አምስት ደቂቃ ለማንም አትስጡ።

ሌላው፣ ድምፁ ከሚክሰሩ የትኛው ቦታ ላይ ተቀድቶ እንደሚወጣ እወቁ። ሎካል የሚለውን ከመረጣችሁ የሚሄደው ከፕሪአምፑ፣ የማይኩን ድምፅ መጀመሪያ ከሚያጎላው ክፍል፣ የወጣው ጥሬ ድምፅ ነው። ኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያመጣጥነው)፣ ኮምፕረሰር (የጮኸውን የሚያለዝበው)፣ ፌደር (ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ተንሸራታች) አይነኩትም። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ይሄንን ነው፤ ከፌደር በኋላ የተቀዳ ከሆነ በዝግጅቱ መሃል ፌደሩን ባወረዳችሁ ቁጥር ቀረጻውም አብሮ ይወርዳል፣ የወረደውን ደግሞ በኋላ እንደነበረ መመለስ ከባድ ነው። ጌኑ፣ የፕሪአምፑ ማጉያ መጠን፣ ግን ጥሬውንም ይነካዋል። ስለዚህ ጌን መጀመሪያ ላይ በደንብ ያዙና ከዚያ በኋላ አትንኩት። አማካዩ ሜትሩ ላይ ከዜሮ በታች 18 ዲቢ (−18) አካባቢ ቢሆን በቂ ነው። በ24 ቢት ስትቀዱ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም፤ ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ድምፅ ግን ተቆርጦ ይቀራል።

ሳምፕል ሬቱንም፣ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ፣ እዩ። ሚክሰሩ 48 ሺህ ላይ ሆኖ ፋይሉ 44.1 ሺህ ተብሎ ከተከፈተ የ60 ደቂቃው ዝግጅት 65 ደቂቃ ይሆናል፣ ዘፋኙም ድምፁ ወፍሮ ይሰማል። ቦታም አስቡ፦ 32 ቻናል በ24 ቢት በ48 ሺህ በሰዓት ወደ 16.6 ጊጋባይት ይበላል። ዲስኩ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርጉት፣ ገመዱን በሃብ ሳይሆን በቀጥታ ሰኩት፣ ዊንዶውስ ከሆነ የሚክሰሩን ኤሲዮ ድራይቨር (ላፕቶፑን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር) ቀድማችሁ ጫኑ።

አንድ የቀረኝ አለ። ያው ዩኤስቢ ድምፁን ወደ ሚክሰሩ መመለስም ይችላል። ራውቲንግ ገጽ ላይ ኢንፑቱን (የቻናሎቹን መግቢያ) ከሎካል ወደ ካርድ፣ ማለትም ወደ ዩኤስቢው፣ ስታዞሩት ትናንት የቀዳችሁት በየቻናሉ ይገባል፣ ሙዚቀኞቹ ሳይመጡ ሳውንድ ቼክ ታደርጋላችሁ። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ብዙ የተማርኩትም በዚህ ነው። ግን ኢንፑቱን ካርድ ላይ ረስታችሁት ዝግጅቱ ከተጀመረ ድምፃዊው አፉን ይከፍታል፣ ከስፒከሩ ምንም አይወጣም። እኔ ሁለቱን ለየብቻቸው ሲን (በአንድ ጊዜ ተመልሶ የሚጠራ የሚክሰር ቅንብር) አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ አንዱን «ልምምድ» ሌላውን «መድረክ» ብዬ። በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት «መድረክ»ን እጠራና ራሴ ሄጄ ዋናው ማይክ ላይ አንድ ቃል እናገራለሁ።