ቁልቁለቱ የሚወሰነው አፋፉ ላይ ነው

ልጆቼ፣ ሕንድ አገር ለትምህርት ያላችሁትም ሆናችሁ ለጉብኝት የምትሄዱት፣ ከማናሊ ወደ ሌህ የሚወስደውን የሂማላያ መንገድ ራሳችሁ ለመንዳት ካሰባችሁ ይህን አንብባችሁ ተነሡ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ዳገቱ ነው፤ «መኪናው ይወጣው ይሆን?» ይላል። ዳገት ያቃተው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይቀራል። ቁልቁለት ግን አያቆምም። ቁልቁለቱን በደኅና መውረዳችሁ የሚወሰነውም ታች ኩርባው ላይ ስትደርሱ ሳይሆን፣ ገና አፋፉ ላይ ሳላችሁ በየትኛው ማርሽ እንደምትገቡበት ነው።

ማናሊ ከባሕር ወለል 2,050 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ሌህ ደግሞ 3,500 ያህል። በመካከላቸው ግን ባራላቻ ላ 4,900 ሜትር ገደማ፣ ላቹንግ ላ ከ5,000 በላይ፣ ታንግላንግ ላ 5,300 ያህል ይደርሳሉ። «ላ» በአካባቢው ቋንቋ የተራራ ማለፊያ በር ማለት ነው። ሦስቱም ከራስ ዳሸን ጫፍ በላይ ናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 9 ኪሎ ሜትር የአታል ዋሻ የሮታንግን ማለፊያ አስቀርቶላችኋል፤ ከዋሻው ወዲያ ያለው ግን አሁንም ያው ተራራ ነው።

ስለ ሙቀት ላስረዳችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ይህን ሙቀት በአፍንጫው ያውቀዋል። ያ ጉልበት ወይ በሞተሩ ይያዛል፣ ወይ የፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ብትወጡት የምታስገቡትን ማርሽ አስገቡ፤ መንገዱ የተበላሸ ከሆነ ከዚያም አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጉ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ዲ ላይ አትተዉት፣ ዝቅተኛውን ምረጡ። ፍሬኑን እግራችሁ ላዩ ላይ ተኝቶ አታሽሹት። ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ፍጥነቱን ለምሳሌ ከ30 ወደ 20 አውርዱና ሙሉ በሙሉ ልቀቁት፤ በለቀቃችሁት ጊዜ አየር ያገኛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድ ደግሞ ከቁጠባ የማይቆጠር እብደት ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው ከጉዞው በፊት አስቀይሩ፤ ኪራይ መኪና ከሆነ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ፣ መልሱ ካላሳመናችሁ ሌላ መኪና ውሰዱ።

ሁለት ዓይነት የፍሬን መድከም አለ፤ ለይታችሁ እወቁ። ፔዳሉ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ገብቶበታል፤ ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መርገጥ ጥቂት ሊመልሰው ይችላል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልያዝ ካለ ግን የጋለው ሸራው ነው። በሁለቱም ጊዜ ማርሹን አንድ በአንድ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን እንደተጫናችሁ ቀስ በቀስ ሳቡ፣ ካልሆነም መኪናውን ወደ ተራራው ግድግዳ አስጠጉት። ጎኑ ይላጥ፤ ቆርቆሮ ይጠገናል። ሽታው ገና ሲመጣ ከሆነ ደግሞ ሜዳ ቦታ ቁሙ፣ በድንጋይ ታኮ አድርጉለት፣ ግማሽ ሰዓት ስጡት። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ዳገቱም የራሱ ጠባይ አለው። 5,300 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ግማሽ ሊጠጋ ያጣል። ጋታ ሉፕስ በሚባሉት 21 ጠመዝማዛዎች ላይ ማርሽ የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው፣ ኩርባው ውስጥ ከሆነ ዘግይታችኋል። ሕንድ በግራ ይነዳልና ስትወጡ ወደ ግራ የሚታጠፈው ኩርባ በውስጠኛው፣ ማለትም እጅግ ቀጥ ባለው በኩል ይጥላችኋል፤ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ግቡ። መኪናውን በፍሪሲዮን ይዛችሁ ዳገት ላይ አትቁሙ፤ ለዚያ የእጅ ፍሬን አለ። መንገዱ ለሁለት ካልበቃ፣ በሕንድ ደንብ ቅድሚያው የሚወጣው ነው፤ የሚወርደው ቆሞ ያሳልፋል። በማይታይ ኩርባ ላይ ጥሩንባ መንፋት እዚያ ነውር አይደለም፣ ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት።

ከበረዶ መቅለጥ የሚወርደውን ጅረት እዚያ «ናላ» ይሉታል። ለእኛ ጆሮ ሌላ ነገር ነው፤ ግን በእርግጥም ናላ የሚያዞር ነው። ማለዳ ጉልበት ድረስ የማይደርሰው ውሃ፣ ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ያንከባልላል። ስለዚህ ማለዳ አልፉት፤ ከቀዘቀዘ ሌሊት በኋላ ጠርዙ ላይ የሚያዳልጥ ስስ በረዶ እንዳለ ግን አትርሱ። ከመግባታችሁ በፊት ወርዳችሁ እዩ፣ ሌላ መኪና ሲያልፍ ጠብቁ። በትንሽ መኪና ከሆናችሁ፣ ውሃው ከቸርኬው መሐል በላይ ከደረሰ ተዉት። አንደኛ ማርሽ፣ ያልተቋረጠ ነዳጅ፣ መሐል ላይ ማርሽ መቀየርም ፍሪሲዮን መርገጥም የለም። ወራጁ ገደል የሚወድቅበትን ጠርዝ ውሃው ስለሚበላው ወደ ላይኛው ወገን ተጠጉ። ስትወጡ ፍሬኑን ደጋግማችሁ በቀስታ እየነካችሁ አድርቁት።

በመንገዱ ላይ ታንዲ በምትባል ቦታ ያለው የነዳጅ ማደያ፣ «ቀጣዩ ማደያ 365 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው» በሚለው ሰሌዳው የታወቀ ነው። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 37 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ዳገቱና ዝቅተኛው ማርሽ ስለሚበሉት 50 ሊትር ያዙ። ጀሪካኑ ከፍታ ሲጨምር ይነፋልና ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ጎማም እንዲሁ፤ ማናሊ የሞላችሁት ማለፊያዎቹ ላይ ከ3 እስከ 4 ፒ.ኤስ.አይ ከፍ ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ብርዱ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ለኩት። ለልስላሴ ብላችሁ ብዙ አታስተንፍሱት፤ ስለታም ድንጋይ ጎኑን ይቀደዋል።

አሁን ስለ ሰውነታችሁ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው 2,300 ሜትር ለምዶ ይሄዳል፤ ይህ ለ4,500 ዋስትና አይሆንም። ከ3,000 በላይ የምታድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ብዙ ሰው በመንገዱ ላይ ካለችው ከጂስፓ ተነሥቶ፣ 4,290 ሜትር ላይ ሳርቹ በሚባል ቦታ ድንኳን ውስጥ ያድራል፤ ይህ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝላይ ነው፣ ራስ ምታቱም ሌሊቱን ይመጣል። እኔ የምመክረው በሌላው መንገድ፣ ከስሪናጋር ከተማ ተነሥታችሁ በካርጊል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሌህ መግባትና፣ ሰውነታችሁ ከለመደ በኋላ በማናሊ መመለስ ነው። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ሰው መሪ አይያዝ። ቀጥ ብሎ መራመድ ያቃተው ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ያጠረው ካለ ማለዳን አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ታች ውረዱ።

ማታ ስትቆሙ ድንጋይ ከሚወርድበት ግድግዳ ሥር አትሁኑ። መኪናውን በማርሽ ያዙት፣ ጎማውን ወደ ተራራው አዙሩ፣ በድንጋይ ታኮ አድርጉ። ናላ ተሻግራችሁ ፍሬኑ እርጥብ ከሆነ ደግሞ የእጅ ፍሬኑን ሳትስቡ እደሩ፤ በረዶ ሌሊት ሸራውን ከታምቡሩ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል።