የቅርጫት ኳስ ዳኛ ስንት ይከፈለዋል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ19 ዓመት ልጄ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሥራ ይማራል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ከብሎካችን ጀርባ ባለው ሜዳ የሰፈሩን ልጆች ቅርጫት ኳስ ሲያጫውት ይውላል። በቅርቡ የአሜሪካ ዳኞች በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር እንደሚያገኙ ሰምቶ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ሙሉ ጊዜውን ለዳኝነት መስጠት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ጥሩ ፊሽካ እንድገዛለትም ይለምነኛል። የሰማው እውነት ነው ወይ? በእኛ አገርስ በዚህ ሥራ እንጀራ ይበላል?
አንዲት እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ የሰማው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚመለከተው በጣም ጥቂት ሰዎችን ነው። የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ የዳኞቹን ደመወዝ በይፋ አያወጣም። በዚያው አገር መገናኛ ብዙኃን ለዓመታት ሲደጋገም የኖረው ግምት ግን ለጀማሪ ዳኛ በዓመት ከ180 ሺህ እስከ 250 ሺህ ዶላር፣ ለአንጋፋዎቹ ደግሞ እስከ 550 ሺህ ዶላር ነው። ስለዚህ ግማሽ ሚሊዮኑ የጣሪያው ቁጥር ሲሆን፣ እዚያ የሚደርሱት ብዙ ዓመታት ያጫወቱ ናቸው።

ገንዘቡ ከሥራው ጋር እንዴት እንደሚመዛዘን ለማየት ትንሽ እናስላ። ሊጉ 30 ቡድኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው በመደበኛው የውድድር ዘመን 82 ጊዜ ስለሚጫወቱ በጠቅላላው 1,230 ጨዋታዎች ይካሄዳሉ። በአንድ ጨዋታ ሦስት ዳኞች ስለሚመደቡ 3,690 ምደባ ይኖራል፤ ይህ ለ75 ገደማ ቋሚ ዳኞች ሲከፋፈል ለአንድ ሰው 49 ያህል ጨዋታ ይደርሰዋል። በዚህ ሒሳብ 250 ሺህ የሚከፈለው ሰው ለአንድ ምሽት 5 ሺህ ዶላር ያህል ያገኛል ማለት ነው። ልጅዎን ያማለለው ይህ ይመስለኛል፤ እኔም አልፈርድበትም።

ይሁን እንጂ ክፍያው የዚያ ምሽት የ48 ደቂቃ ዋጋ ብቻ አይደለም። ዳኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ከከተማ ከተማ ሲበር ይከርማል፤ የነፋው እያንዳንዱ ፊሽካ፣ ሳይነፋ ያለፈውም ጭምር፣ በቪዲዮ ተመርምሮ ነጥብ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሊጉ ውጤታቸው ተቀራርቦ ያለቁ ጨዋታዎችን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች መርምሮ፣ የትኛው ውሳኔ ትክክል የትኛው ስሕተት እንደነበረ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። ስሕተቱ በማግስቱ በአደባባይ የሚነበብበት ሌላ ሠራተኛ ስንት ይሆን? ተጨማሪ ክፍያ ወዳለው የጥሎ ማለፍ ውድድር የሚያልፉትም በዚሁ ምዘና የተሻሉት ናቸው፤ ዙሩ በገፋ ቁጥር የሚመረጡት ዳኞች እየቀነሱ ይሄዳሉ።

ደመወዙም ቢሆን በችሮታ የመጣ አይደለም። ዳኞቹ የራሳቸው የሠራተኛ ማኅበር አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በጥሎ ማለፉ ወቅት የሥራ ማቆም አድማ መትተዋል፤ በ1995 እና በ2009 ደግሞ በውል ድርድር አለመግባባት ሊጉ ከሥራ አግዷቸው በተተኪ ዳኞች ያጫወተባቸው ጊዜያት ነበሩ። አንድ ዳኛ በውርርድ ቅሌት እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጋለጠና በማግስቱ ዓመት የ15 ወር እስራት ከተፈረደበት በኋላም፣ የዳኛን እጅ ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ለሊጉ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለሁሉም ግልጽ ሆኗል።

ቁጥሩን ወደ ብር መንዝሮ መደነቅም ያሳስታል፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተተወ በኋላ፣ ማንኛውም የዶላር ደመወዝ በብር ሲነገር ሰማይ ይነካል። ሰውየው ግን ግብሩንም የቤት ኪራዩንም የሚከፍለው በዚያው አገር ዋጋ ነው። ከኤንቢኤ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ዳኞች በሚፈተኑበት ጂ ሊግ ክፍያው እጅግ ያነሰ ነው፤ በብዙ የዓለም አገሮች ደግሞ የቅርጫት ኳስ ዳኛ በጨዋታ እየተከፈለው ከጎን መምህር፣ ነጋዴ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ይኖራል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ዳኛው የሚያገኘው የጨዋታ አበል ነው። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በአቃቂና በቃሊቲ አካባቢ በትምህርት ቤት ሜዳዎች አጫውቻለሁ። በክረምት ቀድመን ሄደን ሲሚንቶው ላይ የተኛውን ውኃ በመጥረጊያ እንጠርግ ነበር፤ ጨዋታው ሲጀመር ካልሲያችን እርጥብ ነው። በአንድ ውድድር አዘጋጆቹ ፔሮል ላይ አስፈርመውን «ሳምንት ኑ» አሉን፤ አራት ጊዜ ተመላልሰን፣ ለታክሲ ያወጣነው ከአበሉ በለጠ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ የሚቆጨኝ ግን ቀድሞ አለመጠየቄ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ሲጠራ አበሉ ስንት እንደሆነ፣ ትራንስፖርት እንዳለው፣ ማን እንደሚፈርምና መቼ እንደሚከፈል ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ይጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ትምህርቱን ግን አያቋርጥ። ጨዋታው ቅዳሜና እሁድ፣ ኮሌጁ በሥራ ቀናት ስለሆነ አንዱ ሌላውን አያግድም፤ አበሉ በዘገየ ወርም የኤሌክትሪክ ሙያው ያቆመዋል። በዳኝነቱ ለመግፋት ከፈለገ መንገዱ በፌዴሬሽኑ በኩል ኮርስ መውሰድ፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ ማደግና በመጨረሻ የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን የፊባን ፈቃድ ማግኘት ነው፤ ለዚህም የሩጫ ፈተና፣ የሕግ ፈተናና እንግሊዝኛ ያስፈልጉታል። ፊባና ኤንቢኤ በጋራ የመሠረቱት የአፍሪካ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2021 ኪጋሊ ላይ ተጀምሯል፤ ከቱሉ ዲምቱ ለተነሣ ወጣት ከኒውዮርክ ይልቅ ይህ የሚቀርብ ግብ ነው።

ፊሽካውን ይግዙለት። ሲገዙ ግን ውስጡ የምትንቀሳቀስ ፍሬ የሌለውን ይምረጡ። ሮን ፎክስክሮፍት የተባለ ካናዳዊ የቅርጫት ኳስ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1984 ብራዚል ውስጥ ጥፋት አይቶ ሲነፋ ፍሬዋ ተሰንቅራ ፊሽካው አልጮኽ አለው፤ በዚያ ተነሣሥቶ ፍሬ አልባውን ፎክስ 40 አሠርቶ በ1987 ለገበያ አቀረበ። በልጅዎ ሜዳ አቧራና ዝናብ ስለሚፈራረቁ እንዲህ ያለው ይበረክትለታል፤ የአንገት ማንጠልጠያውንም አብረው ይግዙ።